የውበቱ ተሙን

ብር ደረጃ ይሰጠዋል ሲባል ስሰማ መጀመሪያ ስቄ ነበር። ተማሪ ይፈተናል፤ ቅኔ ዘራፊም በመምህሩ ፊት ይፈተናል፤ ብር ግን ምን አጥንቶ ነው የሚፈተነው? ወንድሜ አንተነህ ከአዲስ አበባ ደውሎ በትዕግሥት ያስረዳኝ ጀመር። ውጭ አገር የድሮ ሳንቲም መርማሪዎች አሉ አለኝ። ስትልኪላቸው በአጉሊ መነጽር ያዩታል፤ እውነተኛ መሆኑን፣ ምን ያህል እንደተጎዳ ለይተው ከአንድ እስከ ሰባ ድረስ ቁጥር ይሰጡታል፤ ከዚያ በማይከፈት ፕላስቲክ አሽገው ይመልሱልሻል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ገዢ ይሻማበታል። ለምን ከመቶ እንዳልሆነ ስጠይቀው እሱም አያውቀውም።

እኔ ሥራነሽ እባላለሁ። ደብረ ማርቆስ ጨርቅ እሸጣለሁ። ምላሷ ከመቀሷ ይስላል ይሉኛል፤ አልክድም። በሆነ ባልሆነው ቶሎ እደነግጣለሁ፣ ስደነግጥ ደግሞ እቆጣለሁ። በዚያ ዓመት ግን የደነገጥኩትን ያህል ዕድሜዬን ሙሉ ደንግጬ አላውቅም።

ነገሩን ያመጣው መንገድ ነው። ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት በእናቴ ደጅ የሚያልፈው መንገድ ሊሰፋ ነው ተባለና ቤቷ ላይ ቀይ ምልክት ተቀባ። ምትክ ቦታ ሰጧት። ቦታው ደግ ቦታ ነበር፤ ባዶ ቦታ ላይ ግን ሰው አይተኛም፣ ካሳውም ከመሠረቱ አያልፍም። እናቴ አባታችን ቄስ ገብረ ሚካኤል ከሞተ በኋላ ቆብ ደፍታ እማሆይ ወለተ ኪዳን ተብላለች። ከሱቄ ጀርባ ካለችው ክፍሌ እንድትገባ ብለምናት፣ ብለምናት እምቢ አለች። የራሴ ምሰሶ የሌለበት ቤት ውስጥ ነፍሴ አትወጣም አለች። እኔና አንተነህ ቤት ልንሠራላት ይገባል፤ የምንሠራበት ገንዘብ ግን የለንም። አንተነህ የእናታችንን ሣጥን ያስታወሰው ያኔ ነው።

ሣጥኑ ውስጥ አራት የምኒልክ ብሮች አሉ። አንዱ ሙሉ ብር ነው፤ ሁለተኛው የብሩ ግማሽ፣ አላድ፤ ሦስተኛው ሩብ፤ አራተኛው የብር አንድ ስምንተኛ፣ ተሙን የሚሉት፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ትንሽ የሚበልጥ። ይጁቤ ገበያ እህልና ቅቤ ይነግድ የነበረ ቅድመ አያታችን ነው ያስቀመጣቸው። አባታችን ሲወርሳቸው ሕግ አወጣባቸው። ብሩ የቤቱ ነው፤ አላዱ የእኔ የበኩሯ፣ ሩቡ የአንተነህ፣ ተሙኑ ደግሞ የትንሹ ወንድማችን የውበቱ። ነገር ግን ዳዊት ያልጨረሰ ልጅ ድርሻውን በእጁ አይነካም። አባታችን ዲማ ተቀምጦ ቅኔ የተማረ ሰው ስለነበር፣ ዳዊት ያልደገመ ልጅ ለእሱ ገና ያልተወለደ ነው። ሴት ናት ብሎ እንኳ እኔን አልማረኝም። የጨረስኩ ቀን ዘመድ ተጠርቶ ተበላ፣ ተጠጣ፤ አባቴም አላዷን መዳፌ ላይ አስቀምጦ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈልኝ።

ከዚያ ወዲህ የእናታችን ሥራ ተጀመረ። በየዓመቱ ለከተራ ብሩንና የእኛን ድርሻ ከሣጥን ታወጣለች፤ የተነፋ አመድ በሎሚ ትለውስና ዓይን እስኪወጉ ድረስ ትፈትጋቸዋለች። እኛም በመሀረብ ጫፍ ቋጥረን ለጥምቀት ይዘን እንወጣለን፣ ማታ እንመልሳለን። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ፤ ለእናቴ ብርም እንደዚያው ነው። ጎረቤቱ ሁሉ የእማሆይን ብር ያዬ ወርቁን ይደብቃል ይላል።

ውበቱ ግን ተሙኑን አልተቀበለም። ዳዊቱን ሊጨርስ ጥቂት መዝሙር ሲቀረው፣ በዘጠኝ ዓመቱ ኩፍኝ ወሰደው። ከቀብር ስንመለስ እናቴ ተሙኑ አብሮት መቀበር ነበረበት ብላ አለቀሰች። አባቴ ዳዊቱን አልጨረሰም፣ አይገባውም አለ። ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ ይህን ሲል እንባው በጢሙ ይወርድ ነበር። ሕግ ሕግ ነውና ተሙኑ ቅድመ አያታችን በጠቀለለበት ጥጥ ውስጥ እንዳለ ቀረ። በየከተራው ሦስቱ ይፈተጋሉ፤ አራተኛው ጥጡ ውስጥ ይተኛል። አባቴ ከሞተ በኋላም እናቴ ጥጡን አልፈታችውም። እኛም ጠይቀናት አናውቅም።

በሁዳዴ አንተነህ አንድ ሰው ይዞ መጣ። ሰውዬው ጋሽ አበረ ይባላሉ፤ የጉንደ ወይን ሰው ናቸው፣ አዲስ አበባ ተቀምጠው ዕድሜያቸውን ሙሉ የድሮ ሳንቲም የሰበሰቡ። ወደ ውጭም ልከው ያስመረመሩ ናቸው። እናቴ ለቅዳሴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፤ በጾም ከሰዓት በኋላ ነው የምትመለሰው። አንተነህ የሣጥኑን ቁልፍ ለምኖ ተቀብሏት ነበር። ሰውዬው መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ፣ ንጹሕ ጨርቅ ዘረጉ፣ ነጭ የጥጥ ጓንት አጠለቁ። ጓንቱን ሳይ ሐኪም መስለውኝ ልስቅ ነበር።

መጀመሪያ ብሩን አዩና አስቀመጡት። አላዴን አነሱ። ፊቴ እስኪታይባት ድረስ ታበራለች፤ ኮራሁ። አገላብጠው አዩና እሷንም አስቀመጧት። ሩቡንም እንደዚያው። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ማን ነው የጠረጋቸው አሉ። እኔ ሞኟ ሙገሳ ሊመጣ መስሎኝ እናታችን ናት፣ በየዓመቱ፣ በአመድና በሎሚ አልኳቸው። ሰውዬው መርዶ እንደሰማ ሰው ግንባራቸውን ያዙ።

ብር ቆዳ አለው አሉን። ያ ቆዳ ከማተሚያው ሲወጣ አብሮት የወጣ ነው፤ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። መርማሪዎቹ ለተፈተገ ብር ቁጥር አይሰጡም፤ ተጠርጓል ብለው ብቻ ጽፈው ይመልሱታል። እነዚህን ሦስቱን መላክ የመላኪያውን ገንዘብ አባይ ውስጥ መጣል ነው አሉን።

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። ጥፋቱ ንጹሕ መሆኑ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። አዎ አሉ። ተቆጣሁ። እድፋም የሚመሰገንበት፣ ንጹሕ የሚወድቅበት ፈተና የት አገር ነው ያለው አልኩ። አንተነህ ዝም በይ በሚል ዓይን አየኝ። ሰውዬው ግን አልተቀየሙኝም፤ አጉሊ መነጽሩን ሰጥተው አላዴን እንዳይ አደረጉኝ። አየሁ። በዓይኔ መስተዋት የምትመስለኝ አላዴ እንደታረሰ ማሳ ትልም በትልም ሆናለች። የንጉሡ ጉንጭ ተፍቋል፣ የአንበሳው ጋማ ጠፍቷል። ያ ሁሉ የእናቴ ክንድ ነው። የሠላሳ ጥምቀት ክንድ ነው። መነጽሩን መመለስ ረሳሁ።

አራተኛው የለም ወይ አሉ ጋሽ አበረ። አንተነህ ጥጡን አወጣና ፈታው።

ተሙኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼው አላውቅም ነበር። ጠቁሯል። ልብ ብለው ሲያዩት ግን ጥቁር ብቻ አይደለም፤ ዳር ዳሩ ሰማያዊ፣ መካከሉ የማር ቀለም ይዟል። ይሄማ አለቀለት አልኩ በሆዴ፤ ሦስቱ ከወደቁ ይህ ዝገታም ምን ሊሆን ነው። ጋሽ አበረ ግን መነጽሩን ከእጄ ወስደው አዩ፣ ወደ ብርሃኑ ጠጋ ብለው አዩ፣ ደግመው አዩ።

"ይህን እማሆይ ነክተውታል?" አሉ በመጨረሻ።

ማንም አልነካውም፣ የሟች ወንድማችን ድርሻ ነው አልናቸው።

"በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ተሙን በዓይኔ አላየሁም። አንደኛ ነው። ካየኋቸው ሁሉ አንደኛ ነው። ይህ ይላክ።"

እሳቸው እንደሚገምቱት ጥሩ ቁጥር ካገኘ እናታችን ከነማድ ቤቱ ጥሩ ቤት ይወጣላታል። አንተነህ ቆሞ መስማት አቅቶት ምድር ላይ ተቀመጠ። ከሦስታችን ልጆች ምንም ያልተጎዳው የሞተው ነው ማለት ነው። ይህን ማሰብ አልፈለግሁም፤ ሐሳቡ ግን ከራሴ አልወጣ አለ።

ጋሽ አበረ ነገሩን በጎ በጎውን ብቻ አልነገሩንም። ቅርስ ነውና መጀመሪያ ፈቃድ ይወጣለታል፤ በመንገድ ሊጠፋ ይችላል፤ መርማሪዎቹ እሳቸው ካሰቡት ዝቅ ያለ ቁጥር ሊሰጡት ይችላሉ፤ ከታሸገ በኋላ ደግሞ ማንም በእጁ አይዳስሰውም። እስክትወስኑ በጥጡ ይቀመጥ፣ እጅ እንዳይነካው ብለው አደራ አሉንና እናታችን ከቅዳሴ ሳትመለስ አውቶቡሳቸውን ሊይዙ ሄዱ። ከወሰንን አንተነህ እስከ እሑድ ቆይቶ ይዞት ሊሄድ ተስማሙ።

ያን ቀን ከወንድሜ ጋር ተጣላን። እሱ ይላክ ይላል፤ እኔ አይላክም እላለሁ። እኔ የፈራሁት መጥፋቱን ብቻ አልነበረም። እናቴ ከዚያ ልጅ የቀራት ይኸው ነው፤ ቀሚሱን ለነዳያን ሰጥታለች፣ ፎቶ የለውም። ይህን በፕላስቲክ አሽጎ ለባዕድ መሸጥ ልጁን ሁለተኛ መቅበር መሰለኝ።

"የሞተ ልጅ ይፈተናል?" አልኩት።

"የሞተው ልጅ ለእናቱ ቤት ይሥራላት" አለኝ።

በመጨረሻ ወሳኟ እናታችን እንድትሆን ተስማማን። ሌላም አንድ ነገር ተስማማን፤ መፈተጉ ሦስቱን እንዳበላሸ እንዳንነግራት። ለአንዲት አሮጊት መነኩሴ በክንድሽ የልጆችሽን ርስት ፍቀሽ ጨረስሽው ብሎ የሚነግር አንጀት ከየት ይመጣል? ሳታውቀው ትኑር አልን። ብልህነት መስሎን ነበር።

ከቅዳሴ ተመልሳ የጾም ምሳዋን ከቀመሰች በኋላ ነገርናት፤ ተፈትኖ ይመለሳል፣ የሚሸጥ ከሆነም ያኔ አንቺ ትወስኛለሽ አልናት። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማች። ምን ይጠይቁታል አለች። ምንም አይጠይቁትም፣ አይተው ደረጃ ይሰጡታል አላት አንተነህ። ከማን ጋር ነው የሚወዳደረው አለች። ከዓለም ሳንቲም ሁሉ ጋር አላት።

"የእናንተስ?" አለች።

አንተነህ እኔን አየኝ። እኔ ምድር ምድር አየሁ።

"የእኛ አይሄድም፣ እማ" አልኳት። "የተመረጠው የእሱ ብቻ ነው።"

ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር እስከዛሬ አልረሳሁትም። ኧረግ፣ ውበቱ ተመረጠ አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ። ከዚያ እሑድ እነግራችኋለሁ አለችን፤ ቁልፉንም ከአንተነህ ተቀብላ ማተቧ ላይ መልሳ አሰረችው።

እስከ እሑድ አንተነህ በወረቀት ላይ የቤት ንድፍ ሲሥል ሰነበተ። መስኮቱ በምሥራቅ ይሁን፣ ብርዱ በዚህ ይገባል፣ ይል ነበር። እኔም ቀስ በቀስ ሐሳቤ ተለወጠ። ከገበያ ስመለስ ምትክ ቦታው ላይ ቆሜ የእናቴ መቀመጫ በረንዳ የት ቢሆን ጥሩ እንደሆነ ሳስብ ራሴን ያዝኩት። ይላክ አልኩ በልቤ። ውበቱም ቢጠየቅ እምቢ አይልም ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጠራችን። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ይሂድ፣ ፈቅጃለሁ አለች። ደስ ሲለን ገና ሳንናገር ከብብቷ አዲስ ነጭ ጨርቅ አወጣች። እኔ ጥጡን ነበር የጠበቅሁት። ጨርቁ ሲፈታ መጀመሪያ የመጣልኝ የሎሚ ሽታ ነው።

ተሙኑ ያበራ ነበር። ከአላዴ ይበልጥ፣ ከብሩም ይበልጥ ያበራ ነበር። ሰማያዊው የለም፤ የማሩ ቀለም የለም።

"አባታችሁ አልጨረሰም ብሎ ከለከለው" አለች እናቴ። "ፈረንጅ ከመረጠውማ እኔ ምን ብዬ ልከልክለው? ደግሞ ልጅ ፊቱን ሳይታጠብ ሰው ፊት አይላክም። እናንተን ስንት ጊዜ አጠብኋችሁ፤ እሱን አንድ ቀን። ጥቁሩ እንዴት ተጣብቆ ነበር መሰላችሁ፣ ክንዴ እስኪዝል አልለቀቀኝም።"

አንተነህ አፉን ሲከፍት አየሁትና እግሩን ረገጥኩት። እሱም አፉን ዘጋ። እጁን ዘርግቶ ተሙኑን በባዶ መዳፉ ተቀበላት፤ ጓንት ከእንግዲህ ለምን ይጠቅማል። ጉልበቷን ሳመና እሺ እማ፣ ይሄዳል ብሎ ወጣ። ተከትዬው ስወጣ ከጌሾው ጀርባ ግንቡን ተደግፎ አገኘሁት። ያለቅስ ነበር። እኔ ብነግራት ኖሮ፣ እሱ ቢነግራት ኖሮ፣ ያ ጥጥ አይፈታም ነበር። ለእናታችን አዝነን የሸሸግነው ነገር ነው ቤቷን ያፈረሰው።

ለጋሽ አበረ የደወልኩት እኔ ነኝ፤ አንተነህ አልችልም አለ። ተጠርጓል አልኳቸው። በምን አሉ። በአመድና በሎሚ አልኳቸው። አንድ ገጹን ብቻ ነው አይደል አሉ፣ በተስፋ። ሁለቱንም አልኳቸው። ስልኩ ተዘጋ። ተናደድኩባቸው፤ በፈረንጆቹም፣ በሎሚውም፣ በአባቴ ሕግም ተናደድኩ። ከሁሉም የበለጠ በራሴ ተናደድኩ። በእናቴ ግን እንዴት ልናደድ? እሷ ያደረገችው ማንኛዋም የደብረ ማርቆስ እናት የምታደርገውን ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ቤቱ ፈረሰ። አንተነህ የዕቁብ ተራውን ለምኖ አስቀደመ፣ እኔ የሱቄን ግማሽ ለሌላ ሰው ለቀቅሁ፤ በምትክ ቦታው ላይ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ቆመ። በረንዳ የለውም። ምሰሶው ግን የራሷ ነው። እናቴ አላማረረችም። የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ዳዊቷን አጥፋ ቀና ትላለች፤ የውበቱ ውጤት መጣ ወይ? ገና ነው እላለሁ። ሩቅ ነው እላለሁ። ያላማረበትን ጨርቅ አማረብህ ብዬ የምሸጥ ሰው፣ ለእናቴ አንዲት ቃል ጠፋኝ። አንተነህ ተሙኑን በቦርሳው ይዞ ይዞር ነበር። ወድቋል እንበላት ሲል አይሆንም እላለሁ፤ ጠፍቷል እንበላት ስለው እሱ አይሆንም ይላል።

ከተራ ደረሰ። አንተነህ ለጥምቀት መጣ። እናቴ አዲሱ ቤቷ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ አመዷን ነፍታ፣ ሎሚዎቿን ደርድራ ጠበቀችን። ብሩንና የእኛን ሁለቱን ፈትጋ ጨርሳ ጨርቅ ላይ አሰልፋቸዋለች፤ ከሩቡ ቀጥሎ ባዶ ቦታ ትታለች። አንተነህ ተሙኑን ከቦርሳው አውጥቶ ሰጣት። በመዳፏ ይዛ አየችው፣ ከዚያ እኛን አየችን።

"ስንተኛ ወጣ?" አለች።

አንተነህ ወደ መንገዱ ዞረ። ያኔ ጋሽ አበረ ከመስኮቱ አጠገብ ያሉት ቃል ትዝ አለኝ። እንግዲያ ውሸት አይደለም።

"አንደኛ" አልኳት።

"ከእናንተ?"

"ከእኛም፣ ከሁሉም።"

እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

"ጥቂት መዝሙር እኮ ነው የቀረው" አለች። "በቃሉ ያውቀው ነበር፤ እኔ አጠገቡ ተኝቼ እሰማው ነበር። አባታችሁን ብነግረው አላመነኝም።"

ከዚያ ተሙኑን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ ተመለከተችው። መንገዱ አደብዝዞታል አለች። ጨርቋን አመዱ ላይ ነክራ መፈተግ ስትጀምር፣ ቢላዋውን አንስቼ ሎሚውን ቆረጥኩላት።